የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን በአልትራሳውንድ መከታተል፦ ከዓይን ነርቭ ሽፋን እስከ አንጎል የደም ፍሰት

ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ሐኪሙም ነርሱም አስቀድመው ማወቅ የሚፈልጉት የራስ ቅሉ ውስጥ ግፊት መጨመር አለመጨመሩን ነው። ትክክለኛው መልስ የሚገኘው አጥንቱ ተበስቶ በሚገባ ቱቦ ወይም ሴንሰር ነው። ይህ ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ውድ ዕቃና የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል፤ መድማትና ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። በብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ይህ አገልግሎት የለም፤ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሆድ ምርመራ የሚያገለግል አልትራሳውንድ ግን አለ። መመሪያው የተዘጋጀው ያንኑ ማሽን ለዚህ ሥራ ማዋል ለሚፈልጉ ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ነርሶችና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። አልትራሳውንድ ግፊቱን ራሱን አይለካም፤ የሚያሳየው ግፊቱ በዓይን ነርቭ ሽፋንና በአንጎል የደም ፍሰት ላይ ያስከተለውን ለውጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተለክቶ ከሚጻፍ ቁጥር ይልቅ በዚያው ሰው ላይ፣ በዚያው አለካክ፣ በየጊዜው የተወሰዱ ቁጥሮች ወዴት እንደሚሄዱ ማየት ይበልጣል። ግፊት በቀጥታ የሚለካበት ሴንሰር ባለበት ሆስፒታል አልትራሳውንድ እሱን አይተካም።

ዓይን ለምን ይታያል?

ኦፕቲክ ነርቭ (የዓይን ነርቭ) በአሠራሩ የአንጎል አካል ነው። አንጎልን የሚሸፍነው ዱራ ነርቩን ተከትሎ እስከ ዓይን ኳስ ድረስ ይመጣል፤ በሽፋኑና በነርቩ መካከል ያለው ፈሳሽም ከአንጎል ፈሳሽ ጋር የተያያዘ ነው። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሲጨምር ፈሳሹ ወደዚህ ይገፋና ሽፋኑ ይነፋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚነፋው ከዓይን ኳስ ጀርባ 3 ሚሊሜትር ያህል ርቆ ያለው ክፍል ነው፤ የሚለካውም እዚያ ነው። ለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በኦፍታልሞስኮፕ (የዓይን ውስጥ መመልከቻ መሣሪያ) የሚታየው የነርቭ ራስ እብጠት ግን ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ስለሚፈልግ፣ የዓይኑ ውስጥ ደህና ሆኖ መታየቱ በአጣዳፊ ሁኔታ ብዙ አያረጋጋም።

በጀርባው በተኛ አዋቂ ሰው ላይ ጤናማው ግፊት ከ7 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ባለበት ሰው ላይ ከ22 ሲያልፍ መታከም እንዳለበት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይመክራሉ።

ማሽኑ

የሚያስፈልገው ለደም ሥርና ለቆዳ ሥር ምርመራ የሚውለው ቀጥ ያለው ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ነው፤ ድግግሞሹ ከ7.5 ሜጋኸርዝ የማያንስ፣ ቢቻል ከ10 በላይ። ክብ ፊት ያለው የሆድ ፕሮብ አይሆንም፤ በግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ፍርዱ በሚቀየርበት ሥራ ላይ የእሱ ምስል በቂ ጥራት የለውም።

ቀጥሎ ኃይሉን መቀነስ ነው፤ ይህን መዝለል አይቻልም። ዓይን በሙቀትም ሆነ በድምፅ ሞገዱ ግፊት በቀላሉ ይጎዳል። ማሽኑ የዓይን ፕሪሴት (ቀድሞ የተዘጋጀ ቅንብር) ካለው እሱን ይምረጡ። ከሌለው የኃይል መጠኑን ዝቅ ያድርጉና በስክሪኑ ጥግ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ይመልከቱ፤ ሜካኒካል ኢንዴክሱ ከ0.23፣ ሙቀት አመልካቹ ከ1 መብለጥ የለባቸውም። ዓይን ላይ ጥቁርና ነጭ ምስሉን ብቻ ይጠቀሙ። ቀለም ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየው) የደም ሥሩን ለመለየት የግድ ካስፈለገ፣ ኃይሉ በዚያው ገደብ ውስጥ መሆኑን አይተው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይክፈቱት። የጭንቅላት ዶፕለር ሠርተው ወደ ዓይን የሚመለሱ ከሆነ ፕሪሴቱ መቀየሩን በዓይንዎ ሳያዩ ፕሮቡን አያሳርፉ። እኛ የምንመክረው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ ዓይኑ መጀመሪያ ይሠራ፣ የጭንቅላቱ ዶፕለር ይከተል።

ዴፕዙን (የምስሉን ጥልቀት) ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያድርጉት፤ ፎከሱን ከዓይን ኳሱ ጀርባ ያስቀምጡ። ጌይኑ (የምስሉ ድምቀት) ሲበዛ ከነርቩ ጎን ያለው ብሩህ ስብ ይፈስና የሽፋኑን ጠርዝ ይሸፍነዋል። የዓይን ኳሱ ውስጥ ጥቁር ሆኖ፣ ከጀርባው ያለው ስብ ግን ሳይነጣ ደመቅ ብሎ የሚታይበት መጠን ላይ ያቁሙ።

ሕመምተኛው

ዓይኑ ተወግቶ ወይም ፈንድቶ ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ፕሮቡን ጨርሶ አያሳርፉ። በቅርብ ጊዜ የዓይን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም ከዓይን ሐኪም ጋር ሳይመከር አይነካም። ፊቱ አብጦ ዓይኑ መከፈት ያቃተው የአደጋ ሕመምተኛ ሲመጣ ችኮላው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ሲቲ ስካን ካለ መጀመሪያ ዓይኑን በዚያ ያረጋግጡ።

አልጋውን ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ያድርጉ፤ አንገቱ ቀጥ ይበል። የአንገት ድጋፉ ወይም የመተንፈሻ ቱቦው ማሰሪያ አንገቱን አጥብቆ ይዞ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ከአንጎል ደም የሚመልሱት ደም ሥሮች ሲጨቆኑ ግፊቱ በዚያ ብቻ ይጨምራል። ሕመምተኛው ቢያስል፣ ቢያምጥ ወይም ከቬንቲሌተሩ (መተንፈሻ ማሽኑ) ጋር ቢታገል እስኪረጋጋ ይጠብቁ። በየጊዜው ሲለካ የአልጋው ከፍታ ያው ይሁን።

ነቅቶ ከሆነ የሚሠራውን ይንገሩት፦ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ጄሉ ይቀዘቅዝዎታል፣ አያምም። ዓይንዎን እንደጨፈኑ ፊት ለፊት ያለውን ጣሪያ እንደሚያዩ ይሁኑ»። ራሱን ለሳተው ሰው የዓይን ቆቡን ጨፍነው ይያዙለት። በዓይን ቆቡ ላይ ግልጽ የሆነ ስስ የቁስል ፕላስተር መለጠፍ ይቻላል፤ ከሥሩ አየር ከቀረ ግን ምስሉ ላይ ጥቁር ጭረት ይፈጥራል። ሳይለጠፍም ቢሠራ ችግር የለውም፤ ጄሉ ለዓይን የማይጎዳና ንጹሕ ይሁን። ፕሮቡን ከእያንዳንዱ ሕመምተኛ በኋላ ያጽዱ፤ በአልኮል ከተጠረገ ደርቆ ሳያልቅ ወደ ዓይን አይቅረብ።

ጄሉን አብዝተው ያድርጉ። ፕሮቡ የሚያርፈው በጄሉ ላይ እንጂ በዓይኑ ላይ አይደለም። የመዳፍዎን ጎን በግንባሩ ወይም በጉንጩ አጥንት ላይ ካስደገፉ እጅዎ አይደክምም፣ ክብደቱም በዓይን ላይ አይወርድም። ዓይን ሲጫን የልብ ምት ድንገት ሊቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ሞኒተሩ ከእይታዎ አይራቅ።

ምስሉን ማግኘት

ፕሮቡን አግድም ያድርጉና ከዓይን ቆቡ መካከል ትንሽ ወደ ጆሮ በኩል ያሳርፉ፤ ጨረሩ ወደ አፍንጫ ዘንበል ይበል። ከመሃል ቀጥ ብሎ ከተያዘ ጨረሩ በሌንሱ ውስጥ ያልፋል፤ ሌንሱም ይሰብረውና ከኋላው የሐሰት ጥላ ይጥላል። ከጎን ሲገባ ሌንሱን ይስታል። ከዚያ ፕሮቡን ሳያንሸራትቱ በእጅ አንጓዎ ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች በጣም ቀስ ብለው ያዘንብሉ፤ ነርቩ ከዓይን ኳሱ ጀርባ ብቅ ይላል።

የተሟላ ምስል አምስት መስመሮች አሉት። በመሃል ጠቆር ያለው ነርቩ ነው። በግራና ቀኙ ብሩህ መስመር አለ፤ ፈሳሹ ያለበት ክፍተት ነው፣ በውስጡ ባሉት ስስ ክሮች የተነሳ ደምቆ ይታያል። ከእነዚያ ውጭ በሁለቱም በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር ይከተላል፤ እሱ ዱራ ነው። ከዱራው ውጭ ያለው ብሩህ ነገር ስብ ነው። ነርቩ ወደ ዓይን ኳሱ የሚገባበት ቦታ በዚያው ምስል ላይ በግልጽ መታየት አለበት፤ መግቢያው ካልታየ ነርቩ መሃል ለመሃል አልተቆረጠም፣ የሚገኘው ስፋትም ከእውነተኛው የተለየ ይሆናል።

እነዚህን መስመሮች ለይተው ካላዩ አይለኩ። አንድ ወጥ የሆነ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ከዓይን ኳሱ እንደ ቧንቧ የሚወርድ ጥቁር መንገድ ብቻ ከታየ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ሳይሆን የነርቩ ራስ የጣለው ጥላ ነው። ጥላ መሆኑ የሚታወቀው የፕሮቡ ማዕዘን ሲቀየር አብሮ አቅጣጫውን ስለሚቀይር ነው፤ እውነተኛው ነርቭ ግን በቦታው ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ጎበጥ ይላል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ከባዱ ጥላውን መለካት ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ይወጣና ጤነኛው ሰው ማኒቶል (የአንጎል ግፊት ማውረጃ መድኃኒት) ይሰጠዋል።

መለኪያው

ምስሉን ፍሪዝ ያድርጉ (ያቁሙት)። የመጀመሪያውን ካሊፐር (የስክሪኑን ርቀት መለኪያ) ከነርቩ መግቢያ፣ ከዓይን ኳሱ የኋላ ጠርዝ ይጀምሩና የነርቩን መሃል ተከትለው 3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ያውርዱ። ሁለተኛውን በዚያ ነጥብ ላይ ለነርቩ ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ከዳር እስከ ዳር ይዘርጉ። ነርቩ ያዘነበለ ከሆነ ካሊፐሩም አብሮ ያዘንብል፤ ስክሪኑን ተከትሎ አግድም የተሰመረ መስመር ስፋቱን ያጋንናል።

«ዳር» የትኛው ነው የሚለው ብዙ ሰው የሚለያይበት ነጥብ ነው። የምንከተለው የብሩሁን ክፍተት የውጭ ጠርዝ፣ ማለትም የዱራውን የውስጥ ጠርዝ ነው። ዱራውን ጨምሮ የሚለካም አለ፤ የእሱ ቁጥር ይተልቃል። ሁለቱን አለካክ ቀላቅሎ የአንዱን ቁጥር በሌላው ገደብ መፍረድ አይቻልም፤ ስለዚህ ክፍሉ አንዱን መርጦ በመመዝገቢያው ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ሠራተኛ በዚያው ይሂድ።

በእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ጊዜ ይለኩ፤ ለእያንዳንዱ ፕሮቡን አንስተው ምስሉን እንደገና ይፈልጉ። በአንድ ፍሪዝ ላይ ካሊፐሩን ሦስት ጊዜ ማሳረፍ አንድ ልኬት ነው። ለምሳሌ ቀኙ 5.6፣ 5.8 እና 5.7፣ ግራው 5.9፣ 6.1 እና 5.9 ቢሆን፣ የቀኙ አማካይ 5.7፣ የግራው 6.0፣ የሁለቱ 5.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንዱ ዓይን ውስጥ ሦስቱ ቁጥሮች ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከተራራቁ አማካዩን አይመኑ፤ ምስሉ ላይ ችግር አለ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ለአዋቂ ሰው ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ከፍተኛ ግፊት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው። ከ6 በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። ትልቁ ችግር በመካከል ያለው ነው፤ የተለያዩ ጥናቶች ከ5.0 እስከ 6.0 ድረስ የተለያየ ገደብ አውጥተዋል፣ 5.7 እና 5.8 አካባቢ ያሉት ይበዛሉ። በዚህ ክልል ውስጥ ያለ ቁጥር ብቻውን አያስወስንም። የሕመምተኛው የንቃት ደረጃ፣ የዓይን ብሌኑ፣ ሲቲ ስካኑና ቀጥሎ የምንደርስበት ዶፕለር አብረው ይታያሉ። ትናንት 5.1 የነበረ ዛሬ 5.7 ከሆነ ግን ገደቡን ማለፍ አለማለፉ ቁም ነገር አይደለም፤ መጨመሩ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

የነርቩ ሽፋን ያለ ግፊትም ሊሰፋ ይችላል፤ የነርቩ ብግነት፣ ከዓይን ጀርባ ያለ ዕጢ፣ በእንቅርት ሕመም የሚመጣ የዓይን መገፍተርና ዓይን ላይ የደረሰ ቀጥተኛ ጉዳት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በአንድ በኩል ብቻ የሰፋ ሲታይ እነዚህን ያስቡ። ግፊቱ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ ሽፋኑ መለጠጡን ያጣና ግፊቱ ከወረደ በኋላም ሰፍቶ ይቀራል፤ ሕክምናው እየሠራ እያለ ቁጥሩ «አልወረደም» የሚያሰኘው ይህ ነው። በክሪፕቶኮከስ (የፈንገስ ዓይነት) ወይም በቲቢ ማጅራት ገትር ለሳምንታት የታመመ ሰው ላይ ይህን አስታውሱ፤ እሱን በዓይን ነርቭ ብቻ መከታተል አይበቃም፣ ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ የሚለካው ግፊት ይቀድማል። የነርቭ ሽፋኑ ጠባብ ሆኖ መገኘቱ ብቻውንም ከወገብ ፈሳሽ ለመቅዳት ፈቃድ አይሆንም፤ በአንድ ጎን ድካም ወይም እኩል ያልሆነ የዓይን ብሌን ካለ ሲቲ ስካን ይቅደም።

ሁለተኛው መስኮት፦ ዶፕለር

እዚህ ላይ የልብ ምርመራ ፕሮቡ ያስፈልጋል፤ ከ1 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለው፣ ወደ 2 ሜጋኸርዝ ተስተካክሎ። ከጆሮው ፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ቅስት ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ቀጭን ስለሆነ ድምፁ ያልፋል። ዴፕዙን 15 ሴንቲሜትር አድርገው የማዶውን አጥንት ይፈልጉ፤ እሱ ከታየ መስኮቱ ክፍት ነው። ከአሥር ሰው በአንዱ ያህል፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ፣ መስኮቱ ዝግ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቡን ትንሽ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሞክሩ፣ እንቢ ካለ ይተዉት።

ቀለሙን ሲከፍቱ ከ45 እስከ 60 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ወደ ፕሮቡ የሚመጣ ደም ይታያል፤ መካከለኛው የአንጎል ደም ቧንቧ ነው። የፐልስ ዶፕለሩን በር (ፍጥነቱ የሚለካበትን ነጥብ) እዚያ ያስቀምጡ፣ ፕሮቡን በጥቂቱ እያዘነበሉ ድምፁ ከሁሉ የሚጎላበትንና ሞገዱ ከሁሉ የሚረዝምበትን ይምረጡ። አምስት ያህል የልብ ምት ይዘው ያቁሙ።

የሚፈለጉት ከፍተኛው የደም ፍጥነት፣ በዲያስቶል (ልብ በምትላላበት ጊዜ) መጨረሻ ያለው ፍጥነትና አማካዩ ናቸው። ማሽኑ አማካዩን ካልሰጠ የዲያስቶሉን በ2 አባዝተው ከፍተኛውን ይደምሩና ለ3 ያካፍሉ። ፐልሳቲሊቲ ኢንዴክስ የሚባለው ከፍተኛው ሲቀነስ ዲያስቶል፣ ሲካፈል ለአማካዩ ነው። ጤናማው ከ0.6 እስከ 1.1 ነው። ግፊት ሲጨምር አስቀድሞ የሚወድቀው የዲያስቶሉ ፍሰት ስለሆነ ኢንዴክሱ ይወጣል፤ ከ1.4 በላይ ኢንዴክስ ከ20 ሴንቲሜትር በሰከንድ በታች ዲያስቶል ጋር ሲገጥም አንጎሉ በቂ ደም እያገኘ እንዳልሆነ ይገመታል።

አማካይ የደም ግፊቱ 90፣ ከፍተኛው ፍጥነት 90፣ ዲያስቶሉ 20 የሆነ ሰው እንውሰድ። አማካይ ፍጥነቱ 43 ገደማ፣ ኢንዴክሱ 1.6 ይሆናል። ብዙ ጊዜ በሚሠራበት ቀመር አንጎል የሚደርሰው የደም ግፊት የሚገመተው አማካይ የደም ግፊቱን በዲያስቶል አባዝቶ ለአማካይ ፍጥነት በማካፈልና 14 በመደመር ነው፤ እዚህ ላይ 55 ገደማ ይወጣል። 90 ሲቀነስ 55 ሲሆን የራስ ቅል ውስጥ ግፊቱ 35 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው ማለት ነው። የስሕተቱ ክልል ሰፊ ነው፤ 35ም ይሁን 28 ትርጉሙ ግን አንድ ነው። ቀመሩ ይበልጥ የሚታመነው ዝቅተኛ ቁጥር ሲሰጥ፣ ማለትም ከፍተኛ ግፊት የለም ለማለት ነው።

ኢንዴክሱን ሌላም ነገር ያወጣዋል። ቬንቲሌተሩ በጣም እያስተነፈሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከወረደ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የደም ግፊቱ ከወደቀ፣ የልብ ምቱ ከቀዘቀዘ ወይም የአኦርታ ቫልቭ የሚያፈስ ከሆነም ዲያስቶሉ ዝቅ ይላል። የቆየ የሩማቲክ ልብ ሕመም በሚበዛበት አገራችን የመጨረሻውን መርሳት አይገባም። ስለዚህ ከዶፕለሩ ጎን የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን ይጻፍ።

የዲያስቶሉ ፍሰት ዜሮ ከደረሰ ወይም ወደ ኋላ መመለስ ከጀመረ ስልክ የሚደወለው በዚያው ደቂቃ ነው፤ ወደ አንጎል የሚገባው ደም ሊቆም ተቃርቧል።

በዚያው መስኮት ላይ እያሉ ሌላም ማየት ይቻላል። ሦስተኛው የአንጎል ክፍተት በመሃል ሁለት ብሩህ ትይዩ መስመሮች ሆኖ ይታያል። ከፕሮቡ እስከ መሃሉ ያለውን ርቀት በቀኝና በግራ ይለኩ፤ ልዩነቱ ለ2 ሲካፈል አንጎሉ ምን ያህል ወደ ጎን እንደተገፋ ይነግራል። በአንዱ በኩል 72፣ በሌላው 60 ሚሊሜትር ከሆነ 6 ሚሊሜትር ተገፍቷል፤ ከ5 በላይ ሲሆን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዲያው ማወቅ አለበት።

ለሕፃናት የነርቭ ሽፋኑ ገደብ የተለየ ነው፤ ከአንድ ዓመት በታች 4.0፣ ከዚያ በላይ 4.5 ሚሊሜትር ገደማ። አናቱ ላይ ያለው ርግብግቢት ገና ያልተዘጋ ሕፃን ከሆነ ግን ወደ ዓይን መሄድ አያስፈልግም፤ በርግብግቢቱ በኩል የአንጎሉን ክፍተቶች በቀጥታ ማየት ይቻላል።

ከፍ ብሎ ሲገኝ

ማሽኑን ሳያነሱ የአልጋውን ከፍታ፣ አንገቱን፣ ኦክስጅኑን፣ ሕመም ማስታገሻውን፣ ትኩሳቱንና የደም ግፊቱን ያስተካክሉ፤ አንዳንዴ ይህ ብቻ ቁጥሩን ያወርደዋል። ካልወረደ ሐኪሙ ማኒቶል በኪሎ ከ0.25 እስከ 1 ግራም ወይም 3 በመቶ ሳላይን ያዝዛል፤ የደም ግፊቱ ዝቅ ላለ ሰው ሳላይኑ ይመረጣል፣ ማኒቶል ሽንት አብዝቶ ግፊቱን ስለሚጥለው። ከ30 ደቂቃ በኋላ በዚያው አለካክ እንደገና ይለኩ፤ ዶፕለሩ ቶሎ መልስ ይሰጣል፣ የነርቩ ሽፋን ሊዘገይ ይችላል።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመው፣ በቦሊቪያና በኢኳዶር 324 ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሴንሰር እየተለኩ የታከሙትንና በምርመራና በሲቲ ስካን ብቻ የታከሙትን አወዳድሮ በውጤታቸው ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። ሴንሰር የሌለበት ክፍል በጥንቃቄ ከተከታተለ ብዙ መሥራት እንደሚችል እኛ ከዚህ እንረዳለን። ክትትሉም የሚጠይቀው መደጋገምን ነው፤ ባልተረጋጋ ሰው ላይ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ፣ የንቃት ደረጃው ወይም የዓይን ብሌኑ በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ሰዓት ሳይጠበቅ።

በመመዝገቢያው ላይ የቀኙና የግራው ዓይን እያንዳንዱ ልኬት፣ የተለካው የሽፋኑ ጠርዝ፣ የአልጋው ከፍታ፣ የደም ግፊቱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ሰዓቱና የለካው ሰው ስም ይስፈር። ሕመምተኛው ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ፍሪዝ የተደረጉት ምስሎች ካሊፐራቸው እንዳለ አብረውት ይሂዱ፤ ተቀባዩ ሐኪም ካሊፐሩ የት እንዳረፈ አይቶ ቁጥሩን ለመቀበል ወይም እንደገና ለመለካት እንዲወስን።